በጸሎት ሰዓት የበራው መብራት

ያን ቅዳሜ አስተርጓሚዋ እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ ጥፍሮቿን አሳጥራ ቆረጠች፤ እጆቿን ቅባት ቀባች። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ጌጥ የሌለውን ጥቁር ሸሚዝ አወጣች። ቀለበት አላጠለቀችም፤ ሰዓትም አላሰረችም። በምልክት ቋንቋ ለሚያስተረጉም ሰው እጁ አፉ ነው። እጁ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ የሚያዩት ሰዎች ቃሉን ትተው ብልጭታውን ይከተላሉ።

ሻይዋን እየጠጣች ሳለ ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ጓ ጓ አለ። እናቷ ናት። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ሴት ናት፤ ሰው የምትጠራው ጠረጴዛ በመምታት ወይም ወለሉን በእግሯ በመርገጥ ነው።

«ሸሚዝሽ ተጨማዷል» አለቻት በእጆቿ።

«ከሩቅ ማን ያየዋል?»

«እኔ የምቀመጠው ከአፍንጫሽ ስር ነው። አውልቂና ተኩሺው።»

ተኮሰችው። ከእናቷ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ክርክሩ ካላማራት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ዓይኗን ከጨፈነች ደግሞ ማንም ምንም ሊላት አይችልም።

«ዛሬም እፍ ባዩ እፍ ሊለን ነው?» አለች እናቷ። መዳፏን ወደ አፏ አቅርባ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ነፈሰችበት። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሰውዬውን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«ዛሬ እፍ ካለ ወጥቼ አነጋግረዋለሁ።»

«አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምትይው።»

«ዛሬ እወጣለሁ አልኩ፣ እወጣለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ትልቅ አዳራሽ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ኮንሰርት ይዘጋጃል። ከመድረኩ በስተግራ ያሉት ሁለት የፊት ረድፎች፣ ሃያ አራት ወንበሮች፣ መስማት ለተሳናቸው የተተዉ ናቸው። አስተርጓሚዋ ከፊታቸው ትቆማለች፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ መብራት በእሷ ላይ ብቻ ይበራል። ለእነዚህ ወንበሮች እናትና ልጅ ስንት ደጅ ጠንተዋል።

የሌላውን ሰው ጠባይ ችላዋለች። ፈጣን መዝሙር ሲመጣ ከኋላ ተንደርድሮ መጥቶ ከፊታቸው የሚዘለውን በፈገግታ ወደ ጎን ትመልሰዋለች። ስልኩን ሽቅብ ይዞ የሚቀርጸውን ትከሻውን መታ መታ ታደርገዋለች። ለምዳዋለች። ያልቻለችው አንድ ነገር ነበር። የጸሎት መሪው «ዓይናችንን እንጨፍን» ባለ ቁጥር ያ መብራት ድርግም ይላል።

መጀመሪያ የሽቦ ብልሽት መስሏት ነበር። ቀጥሎ መርሳት ነው አለች። በኋላ ግን ንቀት ነው ብላ ደመደመች፤ ደምድማም ዝም አለች። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? የእሷ ዝምታ ግን አራት ዓመት ሞልቶት መሽተት ጀምሯል።

ያን ዕለትም አራተኛው መዝሙር እንዳለቀ የጸሎት መሪው ማይክሮፎኑን ተቀበለ። አስተርጓሚዋ «አባታችን» የሚለውን ምልክት ጀምራ እጇ አየር ላይ እንዳለ ጨለማ ዋጣት። ሃያ አራት ሰው ጨለማው ላይ አፈጠጠ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዱ ወለሉን ሁለት ጊዜ ረገጠ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «እባካችሁ፣ ጸሎት ላይ ነን» ብላ ገሰጸች፤ ያውም ለማይሰሙ ሰዎች።

ጸሎቱ እንዳበቃ አስተርጓሚዋ በአዳራሹ ጠርዝ በኩል አልፋ የብረቱን ደረጃ ወጣች።

የመብራት ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰፊ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉ ብዙ ትናንሽ ቁልፎች። ሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ሰውዬ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ይመስላል። የበሩን ድምፅ ሲሰማ ሳይዞር አንድ ጣቱን አነሳ።

«ጣትህን አታንሳብኝ» አለችው። «ጣት የእኔ ሥራ ነው።»

ዞረ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እሱ የለበሰው ሹራብ ተገልብጦ ስፌቱ ከላይ ወጥቷል። በጨለማ የሚሠራ ሰው ልብሱን ማን ያይለታል?

«ይቅርታ እህቴ። ማስታወቂያ አንባቢው እየወጣ ነው፣ አንዴ ብቻ...» ሁለት ቁልፎች ወደ ላይ ገፋ፤ ከታች መድረኩ በራ። «እሺ፣ አሁን ልስማሽ።»

«ጸሎት በመጣ ቁጥር መብራቴን የምታጠፋው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

እንዲህ በቀላሉ ያምናል ብላ አልጠበቀችም። «ለምን?»

«ለጸሎቱ ነዋ።» ግራ ገብቶት አያት። «ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የአዳራሹን መብራት ሁሉ አጠፋለሁ። እናንተን ብቻ በብርሃን ውስጥ ብተዋችሁ ዓይኑን የገለጠ ሁሉ የሚያየው እናንተን ነው። ሲያለቅሱ፣ ሲንበረከኩ። ነውር መሰለኝ። ለእነሱ ብዬ ነው።»

አራት ዓመት ስታጠራቅመው የኖረችው ንግግር ለትዕቢተኛ ሰው የተዘጋጀ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን ቃል አላዘጋጀችም።

«እነሱ እኮ ዓይናቸውን አይጨፍኑም» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ሲጸልዩ?»

«ሲጸልዩ። ጸሎቱ የሚደርሳቸው በእጄ ነው። ዓይናቸውን ከጨፈኑ ማን ይነግራቸዋል? መብራቱ ሲጠፋ በሺህ ሰው መሃል ብቻቸውን ይቀራሉ።»

ሰውዬው መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ከታች ማስታወቂያው ይነበባል፤ እሱ ግን የሚሰማ አይመስልም።

«አራት ዓመት» አለ።

«አርባ ስምንት ወር።»

«አንድ ቀን እንኳ መጥታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ አንድ ቀን ወርደህ ብትጠይቀን?»

ከታች ማስታወቂያው አለቀ፤ እሷም ደረጃውን ወረደች።

በሁለተኛው ጸሎት መብራቱ አልጠፋም። አዳራሹ ሁሉ ጨልሞ ያ አንድ የብርሃን ክብ ቀረ። አስተርጓሚዋ ጸሎቱን ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ሃያ አራት ሰው በአንድ ላይ በእጁ «አሜን» አለ።

«ምን ብለሽው ነው?» አለች እናቷ ሲወጡ።

«ነገርኩት።»

«በቃ? አራት ዓመት የፈጀው ይኸው ነው?»

በሚቀጥለው ሐሙስ መዘምራኑ ልምምድ ላይ ሳሉ የመብራት ባለሙያው ከፎቁ ወረደ። ሹራቡን ዛሬ በደንብ ለብሷል። ከኪሱ ጥጥ አውጥቶ ጆሮዎቹ ውስጥ ወተፈና የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እባክሽ አንድ መዝሙር ሥሪልኝ» አላት፤ ጥጡን ረስቶት ሊሆን ይችላል፣ ጮክ ብሎ ነው ያለው። መዘምራኑ ዞረው ሳቁ።

ሠራችለት። ስትጨርስ ጥጡን አወጣ።

«ፊትሽ ላይ ጥላ ይወድቃል።»

«የሚያስፈልጋቸው እጄ ነው።»

«አይደለም። ስትጠይቂ ቅንድብሽ ይነሳል። ጥያቄው ያለው እዚያ ነው። ከዚህ ሆኖ ግን አይታይም።»

ይህን ያስተዋለ የሚሰማ ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር። ሸሚዟን የምታስተካክል መስላ ዞር አለች።

መብራቱን ከራሷ በላይ አንስቶ ወደፊት አመጣው። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ዓይን ላይ እንዳያበራ ከቆርቆሮ ቆርጦ ከለላ ሠራለት። ከአስተናጋጆቹ ጋር ተነጋግሮ ከሁለቱ ረድፎች ፊት ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ፤ ሊዘል የሚፈልግ ከዚያ ወዲያ ይዝለል ተባለ። ልምምድ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንድታስተምረው ይለምናት ጀመር።

አንድ ቀን እናቷን ሰላም ለማለት ቀረበ። እጆቹን አንስቶ የተማረውን ሁሉ አወረደው።

እናቷ አተኩራ አየችውና ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄ ሰው ሰላም እያለኝ ነው ወይስ ሊመታኝ ነው?»

«ምን አሉኝ?» አለ እሱ።

«ጎበዝ ተማሪ ነህ አለችህ።»

«እንደሱ አላሉም።»

«አላለችም።»

ሦስቱም ሳቁ። የእናቷ ሳቅ ከሁሉም በላይ አዳራሹን ሞላው። ድምፅዋን ስለማትሰማው ልኩን አታውቀውም፤ ሻካራ ነው፣ ሲወጣም እንደተፈናጠረ ነገር ነው። ልጇ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ የተሻለ የሳቅ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወር አለፈ። አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ መሸኘት ጀመረ። አንድ ከሰዓት አውቶቡሱ መጥቶ ሳትሳፈር ቀረች፤ ሁለተኛውም መጣ።

«ከላይ ሆኜ ሳይ» አላት፣ «ከአዳራሹ ሁሉ ለዓይኔ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

«መብራቱ እኔ ላይ ስለሆነ ነው።»

«መብራቱንማ የማበራው እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው አውቶቡስም አለፋቸው።

ከዚያ የቀረጻው ወሬ መጣ። መዘምራኑ ሙሉውን ኮንሰርት በድምፅና በምስል ሊያስቀርጹ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ካሜራ ይተከላል። አስተርጓሚዋ ደስ ብሏት ነበር። በሐሙሱ ልምምድ ከመድረክ ጀርባ ካለው በር ላይ የተለጠፈውን የዕለቱን ፕሮግራም እስክታይ ድረስ።

«ሰባተኛ መዝሙርና ጸሎት፦ አዳራሹ ጨለማ። የግራው መብራት ይጥፋ።»

ጽሑፉን አወቀችው። ደረጃው ላይ ሆኖ የምልክቶቹን ትርጉም ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ስንት ጊዜ አይታዋለች። እዚያው ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

እሱ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። «ልነግርሽ ነበር...»

«አየሁት። ጽሑፍህ ያምራል።»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«አራት ዓመት ታግሻለሁ» ብላው ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲደውል አላነሳችም። አውቶቡስም ከሌላ መጠበቂያ ተሳፈረች።

ሆኖም ቤቷ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በማግስቱ የዝግጅቱ ሰብሳቢ ቢሮ ሄደች። ሰብሳቢው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንጹህ ልብ ያላቸው፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ነገሩን አታክብጂው» አሉ። «ካሜራ የያዙት ልጆች ያ መብራት ምስሉን ያበላሻል አሉኝ። ሰባት ደቂቃ ነው። ለሌላው ሰው ሲባል ሰባት ደቂቃ መቻል አይቻልም?»

«ሰባት ደቂቃ ማይክሮፎኑ ይነቀልና ሌላው ሰው ይቻል ጋሼ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምላስሽ ስለት ነው። እሺ፣ ሌላም አለ።» ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። «ሰው ቅሬታ ጽፏል። የእናንተ ሰዎች ወለሉን ይረግጣሉ። በጸሎት መሃል አንዲት እናት ድምፅ ያሰማሉ ይላል፤ የጎረነነ ድምፅ። በቀረጻ ላይ ይህ ቢገባ ማውጣት አይቻልም። ለዚያ ቀን ፎቅ ላይ ብትቀመጡ ምን ይመስልሻል?»

አንዲት እናት የተባለችው የማን እናት እንደሆነች ታውቃለች።

«ከፎቅ ላይ እጄ አይታይም። ረድፎቹን አንለቅም።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁን እኔ እነግራቸዋለሁ። ቅሬታው እውነት ነው። ሌላውን መረበሽ ተገቢ አይደለም፤ እኛም እንደማንኛውም ሰው እንታረማለን። መብራቱን ግን አልፈቀድኩም።»

«ፈቃድ አልጠየቅኩሽም ልጄ» አሉ ሰብሳቢው በቀስታ። «ረድፎቹ ይቆዩላችሁ። መብራቱ ይጠፋል።»

ማታ እናቷ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጠች። ነገሩን በየት በኩል እንደምትጀምረው ጨነቃት። እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምንድነው? ፊትሽ ላይ ሰው የሞተ ይመስላል።»

«እማ፣ ስትጸልዪ... ድምፅ ታወጫለሽ።»

እናቷ አላመነችም። ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። «እኔ?»

«አንቺ። በዝግታው መዝሙር ላይም።»

«ምን ዓይነት ድምፅ? አስቀያሚ ነው?»

«ጮክ ያለ ነው።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

ልጇ ዓይኗን ከእናቷ ዓይን ላይ አላነሳችም። «ለእኔ አስቀያሚ አይደለም። ለማያውቅሽ ሰው ግን... ይረብሻል።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁልጊዜ።»

የእናቷ እጆች ጭኗ ላይ ተኙ። ከዚያ ተነሱ። «ሁልጊዜ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ይልሽ ነበር። ላሳዝንሽ አልፈለግሁም። ለአንቺ ብዬ ነው።»

እናቷ መዳፏን ወደ አፏ አቀረበች። እፍ አለችበት። ከዚያ ጣቷን ወደ ልጇ ደረት ቀሰረች። «አንቺም እፍ ባይ ነሽ።»

ሳትጠየቅ አዝና፣ ሳትጠይቅ ወስና፣ እናቷን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ አስቀምጣታለች። ሌላው ሰው ይህንኑ አራት ዓመት ቢያደርግ ደረጃ ወጥታ ጮኸችበት። እሱ ግን በተነገረው ቀን አበራ።

«ልጁ ጥፋቱን ሲሰማ ምን አደረገ?» አለች እናቷ፤ ሐሳቧን ያነበበች ይመስል።

«አስተካከለ።»

«እኛም እናስተካክላለን። እኔ እነሱን እሰበስባለሁ። ድርሻችንን እንወጣና ከዚያ በኋላ ማን አፉን ሞልቶ ይናገረናል?» ቢላዋውን አንስታ ድንቿን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ስልኩንም አንሺለት» አለች። «ሲበራ ሲጠፋ አየዋለሁ። ዓይኔን አደከመው።»

ደወለችለት። «ፕሮግራሙን የጻፍኩት ታዝዤ ነው» አላት። «ሌላውን አትጠይቂኝ። ለዚያ ቀን ብቻ እመኚኝ።» ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባትም። ሆኖም «እሺ» አለችው።

የቀረጻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሃያ አራቱ ሰዎች ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ከተቀመጡ በኋላ እናቷ እጇን አነሳች፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሃያ አራት ጥንድ ጫማ በወንበሮቹ ስር ተደረደረ። የካልሲ እግር ወለል ቢረግጥ ማን ይሰማዋል? ከአስተናጋጆቹ አንዷ ይህን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከኋላቸው ግን ጫማውን ያላወለቀ ሰው ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንድ ጎልማሳ የመጀመሪያውን መዝሙር ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ መኪና እያወራ ጨረሰው። ቅሬታ የጻፈበት የለም።

ሰባተኛው መዝሙር ጀመረ። የመድረኩ ብርሃን ቀስ በቀስ ደበዘዘ፤ የአዳራሹም ተከተለ። አስተርጓሚዋ እጆቿን አንስታ ጨለማውን ጠበቀች። ባይታይም አላቆምም ብላ ቆርጣለች።

ጨለማው ሁሉንም አዳርሶ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

መብራቷ እንደበራ ነው። ከኋላ አንደኛው ካሜራ የያዘው ሰው እጁን ሲያወናጭፍ አየችው። ሰብሳቢው በጠርዙ በኩል ወደ ብረቱ ደረጃ ሲጣደፉም አየች። እጆቿ ግን አልቆሙም። መብራቱ በማንኛውም ሰከንድ ሊጠፋ ይችላል፤ እስኪጠፋ ድረስ ያለው እያንዳንዱ ቃል የእነሱ ነው።

«ዓይናችንን እንጨፍን» አለ የጸሎት መሪው።

አዳራሹ ሁሉ ጨፈነ። ሁለቱ ረድፎች ዓይናቸውን ገልጠው ጸለዩ። እናቷ ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮዋ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ድምፅ ሊወጣ ሲል ንዝረቱን ይዛ ልትመልሰው። እንባዋ በጣቶቿ ላይ እየወረደ ጉሮሮዋን አልለቀቀችም። አንድም ድምፅ ሳይወጣ ጸሎቱ አለቀ። መብራቱም አልጠፋም።

አስተርጓሚዋ ደረጃውን ስትወጣ ሰብሳቢው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። የመብራት ባለሙያው የክፍሉን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አኖረ።

«ደጋግሜ አንኳኳሁ» አሉ። «ከውስጥ ቆልፈህብኛል።»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዝዘህ እምቢ ብለሃል።»

«አዎ።»

«አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ እሷ ዞሩ። «በሩ ላይ ቆሜ ከላይ አየኋችሁ። ዓይናችሁ... እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ ያ መብራት እንዳይጠፋ ደንቡ ላይ አስጽፋለሁ። እሱን ግን ወደ ሥራው መመለስ አልችልም። ደንብ የጣሰውን ከመለስኩ ነገ ደንቡን ማን ያከብርላችኋል?»

«ልክ ነዎት» አለ እሱ። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት አስቀድሞ ነው ያለው።

ሰብሳቢው ወረዱ። ሁለቱ በጠባቡ ክፍል ቀሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ አብረሽኝ ትጠየቂ ነበር። አንቺን ካስወጡሽ መብራቱ ማን ላይ ይበራል?»

«እንደገና ሳትጠይቀኝ ወሰንክልኝ ማለት ነው።»

«አዎ። አጥፍቻለሁ።»

«የመጨረሻህ ይሁን።»

«ይሁን። እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» ድምፁን ትቶ በእጆቹ ጠየቃት። ምልክቶቹ ትንሽ ተዛንፈዋል፤ ቅንድቦቹ ግን በትክክል ተነስተው ነበር።

እሷም በእጇ መለሰችለት። ከዚያ፣ «እናቴንም ትጠይቃለህ» አለችው።

እሁድ ዕለት መጥቶ ጠየቀ። እናቷ ግንባሯን ቋጥራ «አልገባኝም» አለችው። ደገመው። «ቀስ በል» አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሠራው፤ ግንባሩ በላብ ወረዛ።

«እማ፣ ገብቶሻል» አለች ልጇ።

«በመጀመሪያው ነው የገባኝ። ግን ጣፈጠኝ።»

«ስሙንስ አትቀይሪለትም? አሁን እኮ አያጠፋም።»

«ስም አንዴ ከወጣ ወጣ» አለች እናቷ፤ እፍ ብላም ግንባሩን ሳመችው።

ከዚያ እሁድ በኋላ በአራተኛው ወር ተጋቡ። እሱ አሁን በየቤቱ እየዞረ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ሥራው እንዴት ነው ሲሉት «ሰው ቤቱ ሲበራለት ያመሰግናል» ይላል። ስለ ድሮው ሥራው ሲያነሳ ሰምታው አታውቅም።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ኮንሰርት ነበር። ለእሱ ሃያ አምስተኛ ወንበር ተጨምሮለት ከእናቷ ጎን ተቀመጠ። የዝግታው መዝሙር መጣ፤ አዲሱ የመብራት ሠራተኛ አዳራሹን ከልክ በላይ ፈጥኖ አጨለመው፤ የግራው መብራት እንደ ደንቡ በርቶ ቀረ። አስተርጓሚዋ መዝሙሩን ስታደርስ ዓይኗ ባሏ ጉልበት ላይ አረፈ። የቀኝ እጁ ጣቶች ቀስ ብለው ወደ ታች ይንሸራተታሉ፤ ሁለቱ ይቆማሉ፣ አንዱ ይቀጥላል።

መዝሙሩ ሲያልቅ እናቷም ጣቶቹን አይታ ነበር። በዚያ ረድፍ የሚንቀሳቀስ ጣት ሁሉ ንግግር ነው።

«ባልሽ ምን እያለ ነው?» አለቻት።

«ምንም እያለ አይደለም። መብራቱን እያደበዘዘ ነው።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን አየች። ከጣቶቹ ስር የመብራት ሰሌዳው የለም።